ሁለቱ አበልጃሞችና የጄኔቫው ዕጣ

ቤልሚሮ እህቴን ዴኦሊንዳን ከማግባቱ በፊትም የእግር ኳስ ክለባችን አምበል ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ንግግሩ ቁጥብ። ጠዋት ጠዋት ሳርዳል ወደብ ላይ የዓሣ ሣጥን ይሸከማል፤ ከሰዓት በኋላ ከኛ ጋር ልምምድ ይሠራል። ማንበብ የተማረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው፣ ያውም ለክለቡ መፈረም ስላለበት። ይህን የምናውቀው ጥቂቶች ነበርን። በሜዳ ላይ ሁለት ሜትር የሚረዝም አጥቂ ሲመጣበት ዓይኑን የማይጨፍን ሰው፣ ሰው ይስቅብኛል ብሎ ሲያስብ ግን ላብ ያጠምቀዋል።

በረኛችን አዴሪቶ የሱ ተቃራኒ ነበር። ግብ ላይ ቆሞ ከኋላው ካሉ ተመልካቾች ጋር ወሬ ይይዛል። ኳስ ስትመጣ "አንዴ ይቅርታ" ብሏቸው ይይዛትና ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለቱ ባንድ መንደር፣ ባንድ ጀልባ ላይ ያደጉ ናቸው። የአዴሪቶን ልጅ ኖኤሚያን ክርስትና ያነሳት ቤልሚሮ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ "አበልጄ" ተባባሉ እንጂ በስም ሲጠራሩ የሰማ የለም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በስልሳ አምስት የፖርቱጋልን ዋንጫ በላን። አንድ የሊዝበን ክለብ በፍጻሜው አሸንፈን፤ እንዴት እንደሆነ እኛም እስከዛሬ አልገባንም። ዋንጫውን የበላ ደግሞ የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር ይገባል። በመጀመሪያው ዙር የደረሰን ቡድን ከኛም የባሰ ነበርና አለፍን። በሁለተኛው ዙር ሃንጋሪዎች ደረሱን። እዚህ ሳርዳል ላይ አንድ ለባዶ አሸነፍናቸው። ግቧን ያገባሁት እኔ ነኝ፤ ግን ስለሷ የሚያወራ ሰው የለም። እዚያ አገራቸው በበረዶ ላይ አንድ ለባዶ አሸነፉን። በዚያን ዘመን የፍጹም ቅጣት ምት መለያ አልነበረም። ሦስተኛ ጨዋታ በሦስተኛ አገር ይደረጋል፤ እሱም አቻ ከሆነ ሳንቲም ይወረወራል።

ሦስተኛው ጨዋታ ጄኔቫ ሆነ። ከሆቴል ወደ ስታዲየም የሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ አዴሪቶ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ቤልሚሮ አጠገብ ተቀመጠ።

"አበልጄ፣ ነገሩ ሳንቲም ላይ ከደረሰ ምን ልትል ነው፣ ዘውድ ወይስ ፊት?"

"አይደርስም።"

"ቢደርስስ?"

"አንተ ምን ልበል ትላለህ?"

"ዘውድ በል። ከልጅነቴ ጀምሮ ዘውድ ብዬ የተበላሁበት ቀን የለም። መቼም እኛ ቤት በሌላ መንገድ ዘውድ አይገባ!"

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። አዴሪቶ ግን አልለቀቀውም።

"ማልልኝ።"

"ለሳንቲም ይማላል እንዴ?"

"በክርስትና ልጅህ ማልልኝ።"

"ኖኤሚያን! ዘውድ እላለሁ። በል አሁን አፍህንም እጅህንም አሳርፍ።"

ሁላችንም ሰማን።

ጨዋታው በተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው የሃንጋሪው አጥቂ የአዴሪቶን እጅ ከነኳሱ መታው። የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ወደ ኋላ ታጠፈ። ያኔ ተጫዋች መቀየር አይፈቀድም። ሐኪማችን ጣቱን ከመሀል ጣቱ ጋር አስሮ በፕላስተር ጠቀለለለት፤ አዴሪቶም ተመልሶ ቆመ። ወሬውን ግን አቆመ። አንድ ገባብን፣ አንድ አገባን፤ ከዚያ በኋላ ያዳነውን ኳስ እግዜር ይቁጠረው። እያንዳንዱን ሲይዝ ከአፉ የምትወጣውን ድምፅ እስከ መሀል ሜዳ እንሰማት ነበር። ጭማሪ ሰዓቱም አለቀ፣ አቻ።

ዳኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር። ሁለቱን አምበሎች ወደ መሀል ጠራ። እኛ እየተንገዳገድን ከበብናቸው፤ አዴሪቶም የታመመ እጁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። ተመልካቹ ወደ አጥሩ ተጠግቶ ይጮኻል። ለሥራ ወደዚያ የሄዱ የኛ ሰዎችም፣ ከአገራቸው የሸሹ ሃንጋሪዎችም ነበሩበት። ዳኛው ቤልሚሮን በጣቱ አመለከተና "ፒል ኡ ፋስ?" አለው፤ ዘውድ ወይስ ፊት ማለቱ ነው።

"ፋስ" አለ ቤልሚሮ።

በኛም ቋንቋ ያችው ቃል ፊት ማለት ናት። ስለዚህ የሰማነው ሁሉ ገባን፤ ዘውድ እላለሁ ብሎ የማለው ሰው ፊት አለ። ሳንቲሙ ወጣ፣ ወረደ፣ የደረቀው ሣር ላይ አረፈ። ፊት አልነበረም። አዴሪቶ የመረጠው ጎን ነበር። የሃንጋሪው አምበል ወደ ላይ ዘለለና ጓደኞቹ ላይ ወደቀ።

መልበሻ ክፍል ገባን። አዴሪቶ ቤልሚሮ ፊት መጥቶ ቆመ።

"አበልጄ፣ ምን አልክ?"

ቤልሚሮ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል።

"ፊት አልክ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"እንዲያ... መሰለኝ።"

"መሰለህ?" አለ አዴሪቶ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህ በተሻለን ነበር። "እኔ በተሰበረ ጣት ግብ ጠበቅሁ። አንተ አንዲት ቃል መጠበቅ አቃተህ? በልጄ ምለህ?"

ቤልሚሮ ቀና አላለም። በባቡር እስክንመለስ ድረስ ሁለቱ በሁለት ፉርጎ ተቀመጡ።

ሳርዳል ምሕረት አታውቅም። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩት፣ "ቤልሚሮ! ምነው፣ ዛሬ ፊቱን ልስጥህ ወይስ ጅራቱን?" ይሉታል። መሸታ ቤት ውስጥ ደግሞ ሃንጋሪዎቹ በገንዘብ ገዝተውታል የሚል ወሬ ተነሳ። አዴሪቶ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ግን እሱ ባለበት ሲወራ አንድ ቀን "ውሸት ነው" አላለም፤ ብርጭቆውን አንስቶ ይጠጣል። ቤልሚሮን የጎዳው ይኸኛው ነበር።

እውነቱን የሰማሁት ከእህቴ ነው፣ ከወራት በኋላ፣ ጎመን እየከተፈች ሳለ። ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ።

"ዳኛው ያለው አልገባውም ነበር" አለችኝ።

"ምን ማለት ነው አልገባውም?"

"ዝግጁ ነህ ወይ ያለው መሰለው። በዚያ ጩኸት መሀል ሰውየው መልስ እየጠበቀ አፍ አፉን ሲያየው ግራ ገባው፤ የመጨረሻዋን ቃል ደገመለት። ቄሱ በላቲን ሲለን ሳይገባን እንደምንመልሰው። ሳንቲሙ አየር ላይ ሲወጣ ነው የነቃው።"

ቢላዋዋን አስቀምጣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ጎመን ደግሞ ዓይን አያስለቅስም።

"ሂድና ንገረው አልኩት። 'አገር ይስቅብኛል፤ የሳርዳል አምበል ሳንቲምና ሰላምታ መለየት አቃተው ይበሉኝ?' አለኝ። አሁንስ ከሃዲ እያሉህ አይደል ወይ ብለው፣ ምን አለኝ መሰለህ? 'ከሃዲ ይሻለኛል።'"

ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ሲል ጊዜው ሄደ። የአዴሪቶ ጣት ቆልመም ብሎ ዳነ። ኳስ አልይዝ አለው፤ በሁለተኛው ዓመት ክለቡ አሰናበተው። የሚሠራበት የሰርዲን ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካም ሠራተኛ መቀነስ ጀመረ። እንደ ብዙው ሰው እሱም በስፔን በኩል ተራራውን በድብቅ በእግር አቋርጦ ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ ቆረጠ፤ ሚስቱና ልጁ በኋላ ይከተሉታል። ከመሄዱ በፊት ሚስቱ ኖኤሚያን ይዛ እህቴ ቤት መጣች፤ ልጅቷ የክርስትና አባቷን ትሳም ብላ። አዴሪቶ ግን ውጭ፣ የመንገዱ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ያጨሳል። ቤልሚሮ ልጅቷን ታቅፎ በመስኮት አየው። ልጅቷን አውርዶ ካፖርቱን ለበሰ። በሩ ድረስ ሄደ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ዴኦሊንዳ "ኧረ በማርያም!" አለችው።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተገለበጠ፣ በስደት ያሉት እንደ ልባቸው መግባትና መውጣት ጀመሩ። የአዴሪቶ እናት ሞቱና ለቀብር መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ በግንባታ ሥራ እጁ ሻክሯል። መካነ መቃብሩ በር ላይ ሰው ተሰልፎ እጁን እየጨበጠ ያጽናናል። የቤልሚሮ ተራ ደረሰ። አዴሪቶ የቤልሚሮን እጅ ያዘና አልለቀቀም። ከኋላ ያለው ሰልፍ ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቤልሚሮ አፉን ከፈተ።

"እግዜር ያጥናህ" አለው።

"አሜን" አለ አዴሪቶ፣ እጁንም ለቀቀው።

ከዚያ በኋላ ዳግም አልተገናኙም። አዴሪቶ ፈረንሳይ ውስጥ በሳምባ በሽታ ሞተ፤ ወሬው ሲደርሰን ቀብሩ አልፎ ነበር። ቤልሚሮ ለሳምንት ያህል ወደብ አልወረደም። ምክንያቱን ለጠየቀው ወገቤ ነው ይላል።

በተከታዩ ነሐሴ፣ ስደተኛው ሁሉ ለእረፍት ሲመጣ፣ ኖኤሚያ ከባሏ ጋር መጣች። ቁመቷ ያባቷ፣ አፏም ያባቷ። ዴኦሊንዳ ሰርዲን ጠበሰች፣ ከደጃፉ ጠረጴዛ ወጣ፣ እኔም ተጠራሁ። ልጅቷ ስለ ፓሪስ ስትለፈልፍ ቆይታ ድንገት ወደ ቤልሚሮ ዞረች።

"የክርስትና አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? ያኔ ጄኔቫ ላይ... የፈረንሳይኛው ቃል ስላልገባህ ነው አይደል?"

ቤልሚሮ ዓሣውን እንደያዘ ቀረ።

"ማን ነገረሽ?"

"አባባ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ። ካፌ ውስጥ ወዛደሮች ማን ይክፈል ብለው ሳንቲም ሲወረውሩ ቃሏን ሰማ። እየሮጠ ነው ቤት የመጣው። 'ያ አህያ! ያ አህያ አበልጄ አልገባውም ነበር እኮ!' ብሎ ሳቀ፣ ሳቀ፣ በኋላ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። እማማ ጻፍለት አለችው። 'የማለው እሱ ነው፣ እሱ ይጀምር' አላት። ለአያቴ ቀብር መጥቶ ሲመለስ ግን ተናዶ ነበር የተመለሰው። 'እጁን ይዤ አሁን ይለኛል፣ አሁን ይለኛል ብዬ ጠበቅሁት' አለን። 'ምን አለበት እኔው ብጀምረው ኖሮ? ከሱ የባስኩ አህያ እኔ' አለ።"

ዴኦሊንዳ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ቤልሚሮ እጁን ቀስ ብሎ ጠረገ።

"ስቆ ነበር አልሽኝ?"

"ጎረቤት እስኪሰበሰብ።"

በማግስቱ ቤልሚሮ እጄን ይዞ መሸታ ቤት ወሰደኝ። ቀይ ወይን አስቀዳና ለተሰበሰበው ሰው በሙሉ፣ ቆሞ፣ ታሪኩን ተናገረ። ከዳኛው ቃል ጀምሮ እስከ ቅዳሴው ላቲን ድረስ፣ ምንም ሳያስቀር። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዱ "ታዲያ አንተ ደደብ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ዓሣ ሻጭ ሲሰድብህ አፍህን ምን ዘጋው?" አለው። አንድ ጎረምሳ ደግሞ "ጋሼ ቤልሚሮ፣ የኛ ክለብ ጄኔቫ ድረስ ሄዶ ተጫውቶ ያውቃል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ሰው ወደየጨዋታው ተመለሰ፤ ስለ ናፍጣ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ቤልሚሮ ቆሞ ቀረ።

"ይኸው ነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ሳቁ።"

ወይኑን ሳይጠጣው ወጣን።

ኖኤሚያ አሁንም በየነሐሴው ትመጣለች። ደጃፍ ላይ ታስቀምጠውና ስለ አባቷ ትነግረዋለች። እሁድ እሁድ ለግንበኞች ቡድን በዚያ በቆለመመ ጣቱ ግብ ይጠብቅ እንደነበር፤ ክረምት ላይ ከኛ አገር የመጣ የደረቀ ዓሣ ሲያገኝ መንገድ ላይ እየዘፈነ ይገባ እንደነበር፤ ፈረንሳይኛውን እስኪሞት ድረስ እየሰባበረ ሰው ያስቅ እንደነበር። ቤልሚሮ አንዱን ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ያስደግማታል። ባለፈው ዓመት፣ እሷ ውኃ ልታመጣ ስትገባ፣ ወደኔ ዘንበል ብሎ፣

"ናርሲዞ፣ ይኸን ሁሉ እኮ እሱ ራሱ ሊነግረኝ ይችል ነበር" አለኝ።

ልጅቷ ተመለሰች። ብርጭቆውን ተቀበላትና፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" አላት።