መሮና ፋሻ

አናጺው አጎቷ መጋዙን፣ መላጊያውንና መሮውን ከጨርቅ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ሲደረድር የልጅቷ ዓይን በራ። እናቷ ግን ስለቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።

"ጊታር እሠራለሁ ያልሽው የምርሽን ከሆነ" አላት አጎቷ፣ "መጀመሪያ በዚህ ቁራጭ እንጨት ላይ አንገቱ የሚሰካበትን ዓይነት ጉድጓድ ቆፍሪልኝ። ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ዋናውን ጣውላ እሰጥሻለሁ። ካልሆነ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። ነገ መጥቼ አያለሁ።"

እሱ እንደወጣ እናት ከመሮው አጠገብ ፋሻና አልኮል አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ጊታር ነው ቀዶ ጥገና?" አለች ልጅቷ እየሳቀች።

እናት አልሳቀችም። ልጇ ዳቦ ስትቆርጥ እንኳ ትንፋሿን ውጣ የምታይ ሴት ናት። ልጅቷ ሱቅ ደርሳ እስክትመጣ እናት መሮውን አነሣችና ስለቱን ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ፈገፈገችው። አውራ ጣቷን አሳለፈችበት፤ የማንኪያ ጫፍ ሆኗል። "እሰይ! አሁን ማንንም አትነክስም" አለችው።

ከምሳ በኋላ ልጅቷ ሥራ ጀመረች። መሮውን በመዶሻ ብትመታው፣ ብትመታው፣ እንጨቱ ይቦጫጨቃል እንጂ አይቆረጥም። ቁራጩን ገልብጣ በሌላው ጎን ሞከረች፤ ያው ነው። እናት ሽንኩርት እየላጠች በጎን ታያለች።

"እጄ አይረባም" አለች ልጅቷ ድምጿ ተሰብሮ። "ጋሼ ነገ ሲመጣ ዕቃውን ይውሰድ።"

ቃሉ እናትን ከስለት በላይ ወጋት። ልትናገር አፏን ስትከፍት ልጅቷ በንዴት መሮውን ባለ በሌለ ኃይሏ ገፋችው። ሸርተት አለና ጣቷን ለጥቂት ስቶ ጠረጴዛውን ቧጠጠው።

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያዶለዶምኩት!" ሽንኩርቱ ከእናት እጅ ወደቀ።

"ምን አልሽ?"

"እንዳይቆርጥሽ ብዬ... ደጃፉ ድንጋይ ላይ..."

ልጅቷ ጣቷን አየች፣ መሮውን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "አይ እማዬ! የተሳለውማ በቀስታ ይሄዳል። ጉልበት የሚያስወጣውም፣ የሚያዳልጠውም ዱልዱሙ ነው እኮ!"

"እንግዲያው ያበላሸ ያብጅ" አለች እናት። ከጓዳ የቢላ መሳያውን ድንጋይ አምጥታ ውሃ አርከፍክፋበት ቁጭ አለች። ልጅቷ "ጋደል አድርጊው፣ አትቸኩዪ" ትላታለች፤ እሷ "አንቺ ሳትወለጂ ቢላ ስስል ነበር" ትላለች። ቁራጭ ወረቀት ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ ሳለችው።

በእንጨቱ ላይ ጥቂት ደህና ቦታ ቀርቶ ነበር። ልጅቷ መሮውን እዚያ አሳርፋ ገፋ ስታደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣ።

"ተንፍሺ፣ እማዬ።"

እናት ተነፈሰች።

በማግሥቱ አጎት ጣቱን በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አሳለፈ። ወዲያው ወጣና ቃል የገባላትን ረጅም ጣውላ ከደጅ ይዞ ገባ። ከዚያ መሮው ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ጫፉ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ማን ቆሰለ?" አለ ደንግጦ።

"ማንም" አለች እናት። "ስለቱ እንዳይጎዳ ነው።"