ደንቆሮው ሳምተር

ያን ሰሞን ቦህ ውስጥ ባዶ ቤት ከየት ይምጣ! ከድንበር ማዶ ከላስአኖድ ጦርነት የሸሸ ሁሉ በየሰው ደጃፍ ቆሞ አያቶቹን ይቆጥራል። ዘሩ ከባለቤቱ ዘር ከገጠመ ምንጣፉም የግመል ወተቱም የሱ ነው፤ ካልገጠመ ነፋስ ወደሚደበድበው የድንኳን ሰፈር።

የቦህዋ ዓምበሮ ግን ስደተኛዋን ኡባህን የስምንት ቀን ሕፃን ታቅፋ ስታያት ሳታስቆጥር አስገባቻት። የዓምበሮ ወንድም ዲሪዬ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያልፈውም። በጉርምስናው ከጎረቤት ጎሳ ጋር ተዋግቶ ሁለት ጣቱን ጥሎ የመጣ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን በትሩን ይዞ ከች አለ።

«ልጄ፣ እስኪ ቁጠሪልኝ።»

ምስኪን! የነዓምበሮን አያቶች የሽሽቱ መኪና ላይ ከአንዲት ሴት ተምራ መንገዱን ሙሉ ስትሸመድድ ነው የመጣችው። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ «ኡባህ ጉሌድ፣ ፋራህ፣ ሊባን፣ ሮብሌ፣ ደንቆሮው ሳምተር...»

ዓምበሮ ክው አለች። ሳምተርን የገዛ ልጆቹ፣ እነዓምበሮ፣ «ደንቆሮው» አይሉትም፤ በሞታቸው! ግመላቸውን ሲነዳባቸው «ታረቀን» ብለው ቢለምኑት አልሰማ ያላቸው የጎረቤት ጎሳ ሰዎች ናቸው ስሙን ያወጡለት። ልጅቱ ከነዚያ ናት።

«ማን አልሽ?» አለ ዲሪዬ ብድግ ብሎ።

ኡባህ ስህተቷ ገባት፤ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። «ኤዶ፣ አክስቴ፣ ይቅር በዪኝ፣ ቤታችን ሲቃጠል ጥይቱ የማን ናችሁ አላለንም።»

«አታልቅሺ!» ብላ ዓምበሮ ጮኸችባት። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተስ ምን ያስበረግግሃል? ደንቆሮው ሳምተር እያለ ያሳደገን ማን ነው? አባባ በኮረፈ ቁጥር ማን ነበር ‹የደንቆሮው ልጅ፣ አሁንም አልሰማህም?› የሚለው? ከነዚያ ጎሳ ለእርቅ የተዳረችውን እናትህን ረሳሃት?»

ዲሪዬ በትሩን አስቀመጠ። እናቱ ከሞተች ስንት ዘመኗ! ያቺን ስድብ ከዚያ ወዲህ ከማንም አልሰማትም። በአገሩ ደንብ ደግሞ የእናት ጎሳ ወንድ ሁሉ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ አጎት ነው። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ዓምበሮ አይታ እንዳላየች ሆነች።

«የሕፃኑ አባትስ?» አለ ቆይቶ።

«እሱም... እሱም የኔው ጎሳ ነው፣ አባባ» አለች ኡባህ፣ ድምጿ እየጠፋ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

ነጭ ጢሙን ይዞ ጎንበስ አለና የሕፃኑን ፊት አየ።

«በይ እንግዲህ» አለ፣ «አጎቴን ከነፋሱ ገለል አድርጊልኝ።»