ዳገቱን የሚወጣ ናፍጣ

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ከመታወቂያው በቀር የትም የለም። ሥራው የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። የታመመ ሞተር ዘንድ ሲጠራ ቦርሳውን ለመክፈት አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ከዚያ አንድ ረጅም መፍቻ ያወጣና አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ ያሳርፋል። «ኩሽኔታው ነው» ወይም «ናፍጣው አየር ገብቶበታል» ይላል። ሲፈታም እንዳለው ይሆናል። ሰው ሲያደንቀው «የሰጠኝ ጌታ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ኩራት አልፈጠረበትም። አንድ አመል ግን አለችው፦ ሞተር በሚያዳምጥበት ሰዓት የሚያናግረውን ሰው አይወድም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ልጃቸው አግብታ ስትወጣ ክፍሏ ተለቀቀና ባልና ሚስቱ ሁለቱም ዓይናቸውን ጣሉበት። ክፍሉ ትልቅ መስኮት አለው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ትውላለች። ሚስት ሳሎን ውስጥ በአምፖል ብርሃን ጥቁር ክር ከጥቁር ጨርቅ ላይ ስትለቅም ዓይኗ ያለቀ ሴት ናትና «የመቁረጫ ጠረጴዛዬን እዚያ አደርጋለሁ» አለች። ባል ደግሞ ከአንድ አትክልት ቦታ የተጣለ የፓምፕ ሞተር አምጥቶ ኖሮ «እኔማ እዚያ ሞተር ሳይክል ልሠራ ነው» አለ።

«የምን ሞተር ሳይክል?»

«የናፍጣ።»

«ናፍጣ የሚጠጣው የጭነት መኪና አይደለም እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው! ቤንዚን ይሮጣል እንጂ አይሸከምም። ናፍጣ እንደ በሬ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጎትታል። አንቺን ጭኖ እናትሽ ቤት ድረስ ይወጣል።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ሆዷን አባባችው። እናቷ የሚኖሩት ከዳገቱ አናት ላይ ነው። መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቀጥ ያለ አቀበት ስለሆነ ታክሲው ከግርጌው አራግፎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በእግር ነው፤ የእሷ ጉልበት ደግሞ ዳገት ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ዝናብ ከገባማ ድንጋዩ ሳሙና ይሆናል፤ እናትና ልጅ እስከ በጋ በስልክ ብቻ ይነፋፈቃሉ። ባለፈው ክረምት እናቷ ታመው በተኙ ጊዜ ከዳገቱ ግርጌ ቆማ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ እያለቀሰች ተመልሳለች። ይህን ባሏ ያውቃል። አውቆም ነው የተናገረው።

«እሺ ስማኝ» አለችው። «ዝናብ ሳይገባ እናቴ ደጃፍ ካደረስከኝ ክፍሉ ለዘላለም የአንተ። ካላደረስከኝ ግን ሞተሩ ለቆራሌው፣ መስኮቱ ለእኔ።»

«አሜን በያ!»

«አሜን።»

ሥራው ተጀመረ። ጎረቤታቸው በያጁ ከግጭት የተረፈ የሞተር ሳይክል አጥንት ማርሹን ከያዘው ካምቢዮ ጋር እየጎተተ አመጣ። በያጁ አፉ እንደ ብየዳው እሳት የሚተፋ፣ ልቡ ግን የዋህ ሰው ነው። አጥንቱን ቆርጠው አስረዘሙት፤ ለፓምፑ ሞተርም መቀመጫ በየዱለት። ጆሮ ከአሮጌው ሞተር ሳይክል ያልወደደው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኙት ጥንድ ባለጥርስ ብረቶች ናቸው፤ ጥርስ ለጥርስ ተነካክሰው ሲዞሩ እንደ ቢንቢ ያፏጫሉ።

«እኔ ይህን ፉጨት እየሰማሁ ዳገት አልወጣም» ብሎ አወለቃቸውና ሞተሩን ራቅ አድርጎ አስቀምጦ በካቴና አገናኘው። ካቴና ጨዋ ነው፤ ዝም ይላል።

የወለቁትን ጥርሶች ወደ ቆሻሻው ሲወረውር ሚስቱ አነሳቻቸው። በጋዝ አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ በእጇ መዘነቻቸው። «ስቆርጥ ጨርቅ ይጫኑልኛል» ብላ ወደ ሳሎኗ ይዛቸው ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ቀሚስና ኮት በሞተር ሳይክል ጥርስ እየተያዘ ተቆረጠ።

ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳ ቀን ቤቱ ጉድ አየ። ጆሮ የናፍጣውን ቧንቧ አላልቶ አየሩን አስወጣ፣ ማኒቬላውን በሁለት እጁ ይዞ አሽከረከረ። ዱክ አለ። ዝም አለ። እንደገና ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ዱክ ዱክ! መስኮቱ ተርገፈገፈ፤ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ በራሱ እግር ተራመደ። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ለጸሎት ቆሞ እንኳ እንዲህ ተመስጦ አያውቅም፤ ይህን እሱም ስለሚያውቀው በልቡ ይቅርታ ጠየቀና ማዳመጡን ቀጠለ።

ሚስቱ ሻይ ይዛ ገባች። ከሞተሩ ጎን የሚሽከረከረውን ከባድ መዘውር አየች። ከዚያ ጎማውን አየች። እንደገና መዘውሩን አየች።

«ስማ እንጂ፣ ይሄ መዘውር—»

«እሽሽ!» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እያዳመጥኩ ነው።»

ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። ሌላ ቀን ደግሞ መጣች።

«እኔ የምለው፣ መዘውሩ—»

«ቆይ በናትሽ! ኢንጀክተሩ እያናገረኝ ነው።»

«እሺ፤ ኢንጀክተሩ ጨዋታውን ሲጨርስ ጥራኝ።»

ኢንጀክተሩ አልጨረሰም፤ እሱም አልጠራት። እሷም ከዚያ ወዲያ ሻይ ማምጣቷን ሳታቋርጥ ወሬዋን አቋረጠች።

ሰማዩ ከዳር ከዳር መጠቆር ሲጀምር ሞተር ሳይክሉ አለቀ። መቀመጫውን ራሷ ከኮት ትርፍራፊ ሰፍታለታለች። የሙከራው ለት ጎረቤቱ በየአጥሩ ቆመ፤ በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንደ ሚዜ ይንጎራደዳል። ጆሮ ሞተር ሳይክሉን ከግቢው በር ላይ ወደ መንገዱ አዙሮ አቆመ። አስነሳው። «በስምህ ጌታዬ» አለና አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ።

ሞተር ሳይክሉ ወደ ኋላ ሄደ።

ጆሮ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ መሪውን እንደጨበጠ፣ በበሩ አልፎ የኋሊት ወደ ግቢው ገባ። በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ሲያልፍ የደንበኛ ቀሚስ አናቱ ላይ ወደቀበት፤ ቀሚሱን እንደደፋ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተላተመና ቆመ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጆሮ ቀሚሱን ከፊቱ ገፎ፣ ወደ በሩ ገፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሞከረ። አሁን ደግሞ ፈጠን ብሎ የኋሊት ገባ።

«ወንድሜ!» አለ በያጁ ሆዱን ይዞ። «ማርሹ ሁሉ የኋላ ነው እኮ! ዳገቱን በጀርባህ ልትወጣው ነው? አማትህ የምትሄድ መስሏቸው ገና ስትደርስ "ደህና ግባ" ይሉሃል!»

ጆሮም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ ወደ ክፍሉ አስገባውና በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሩቅ ቦታ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ጆሮ ያንንም አዳመጠው።

ሚስቱ ገባች። የልብስ መለኪያዋ ሜትር አንገቷ ላይ ነበር።

«ቃል ቃል ነው» አላት ቀና ሳይል። «ቆራሌው ሲያልፍ ጥሪው። ሞተሩ በግራ ይዞራል፤ ጎማው በቀኝ ነው የሚፈልገው። ካቴና ደግሞ ያገኘውን ነው የሚያቀብለው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳዳምጠው ድምፁ ጥሩ ነበር።»

«ድምፁማ ጥሩ ነው። ወደ ኋላም ሲሄድ ያምራል።»

ቀና አለ። «አንቺ አውቀሽ ነበር?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«እና ዝም አልሽ? ለመስኮቱ ብለሽ?»

ይህን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «ለመስኮቱ? እኔ ነኝ ለመስኮት ብዬ እናቴን የምሸጥ? የስፌት መኪናዬን መዘውር እስቲ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አዙረው፤ ክሩ ተተብትቦ እዚያው ይቀራል። እኔ መዘውር ሳይ መጀመሪያ የማየው ወዴት እንደሚዞር ነው። ልነግርህ ስንቴ አፌን ከፈትኩ? አንተ ግን "እሽሽ"!»

ጆሮ ሻይ ይዛ የገባችባቸውን ቀኖች አስታወሰ። ሻዩን ሁልጊዜ ጠጥቶታል። የመጣችበትን ነገር ግን አንድም ቀን አልጠየቀም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል የሚሰማው ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለው ነበር።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ።

«ዓይንህን ለሞተሩ፤ ጆሮህን ደግሞ ለእኔ።»

ተነስቶ ሣጥኑን በእጅጌው ጠረገና ለእሷ አቀረበላት፤ ራሱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «በይ ንገሪኝ። እየሰማሁሽ ነው።»

«መፍቻውን ጆሮህ ላይ ላድርገው?» አለች፤ አሁን ሳቋ መጣ።

ከዚያ ነገረችው። መቀመጫው ከፍ ማለቱን፣ እግሯን የምታሳርፍበት አለመኖሩን፣ በጉልበቷ ዘልላ እንደማትወጣ። ክፍሉን ሁሉ እንደማትፈልግ፣ የምትፈልገው ብርሃኑን ብቻ መሆኑን። ባለፈው ክረምት ከዳገቱ ግርጌ ቆማ ምን እንደተሰማት፤ የእናቷን ጣሪያ እያየች መድረስ አለመቻሏን። እሱ ዓይኑን ገልጦ ሰማት። የሚያውቀው ነገር መስሎት ነበር፤ ግማሹን እንኳ አያውቀውም።

«ሞተሩን ፊቱን አዙረህ ብታስቀምጠውስ?» አለች በመጨረሻ።

«ያ ከባድ መዘውር እግሬን ይመታኛል። አስቤዋለሁ።»

ተነስታ ወደ ሳሎን ሄደችና የጨርቅ መጫኛዎቿን ይዛ ተመለሰች። «ስቆርጥ ሥራ ሲሰለቸኝ በእነዚህ እጫወታለሁ» ብላ ሁለቱን ባለጥርስ ብረቶች ወለሉ ላይ ጥርስ ለጥርስ አስጠጋቻቸው። አንደኛውን በጣቷ ወደ ግራ አዞረችው። ሁለተኛው ወደ ቀኝ ዞረ።

ጆሮ አፉን በእጁ ያዘ። አሮጌው ሞተር ሳይክል ላይ የነበሩ፣ ለፉጨታቸው ሲል ራሱ አውልቆ የጣላቸው ናቸው።

«ይጮኻሉ እኮ» አለ በደከመ ድምፅ።

«ይጩኹ! እኔስ እየጮኽኩ አይደል የኖርኩት?»

በያጁ ተጠራ። የበየደውን መልሶ ሲቆርጥ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ለእኔ ሥራ ደገሰልኝ» እያለ አላገጠ። ሞተሩን ከካምቢዮው አስጠጉት፤ ጥርሶቹ ተነካከሱ፤ ዘይት የሚይዝ የቆርቆሮ ሽፋንም ተሠራላቸው። መቀመጫው ዝቅ አለ። የእግር ማሳረፊያው ሲበየድ ጆሮ ሚስቱን አስቀምጦ «እዚህ ይሻልሻል ወይስ እዚህ?» እያለ ይጠይቃት ነበር። በያጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን እያየ ምንም ሳይቀልድ ቀረ፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው ሳያልቅ ጆሮ አንድ ቀን የመሣሪያ ሣጥኖቹን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ገፋና የሚስቱን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር አስገባ።

«ገና አልተሸነፍክም እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ።

ደመናው ጣሪያ ሊነካ በደረሰበት ጠዋት ወጡ። እሷ ከኋላው ተቀምጣ ለእናቷ የሠራችውን ሹራብ በጉያዋ ይዛለች። ጆሮ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ሄደ። አጥሩ ላይ የቆመው ጎረቤት በጭብጨባ ሸኛቸው፤ በያጁ ሳይቀር።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጆሮ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ዱክ ዱክ ዱክ ይላል ሞተሩ፤ ጥርሶቹም ያፏጫሉ። አይሮጥም፤ አንድ ውሻ ያለ ድካም አብሯቸው ወጣ። ነገር ግን አይቆምም። ድንጋዩን አንድ በአንድ እየረገጠ ሽቅብ ይጎትታቸዋል። ጆሮ ፉጨቱን ሰማው። እንደፈራው አልከፋበትም፤ እንዲያውም ለሞተሩ ጓደኛ የመጣለት መሰለው።

መሃል ላይ ሚስቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገችና የሆነ ነገር ጮኸች። በድምፁ መሃል አልተሰማውም። ጆሮ አላመነታም፤ ፍሬን ይዞ፣ እግሩን ተክሎ፣ ሞተሩን አጠፋው። ዳገቱ ጸጥ አለ።

«ምን አልሽ?»

«አትቁም ነው ያልኩህ! ዝናቡ እየመጣ ነው!»

ተያዩ። ከዚያ ሞተር ሳይክሉ እስኪወዛወዝ ድረስ ሳቁ። የመጀመሪያዋ ጠብታ የጆሮን አፍንጫ መታችው። እሷ ወርዳ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ሸጎጠች፤ እሱ ማኒቬላውን አዞረ፤ ሞተሩ ገና ትኩስ ነውና ወዲያው ተነሳ። የቀረውን መንገድ እሷ «በርታ!» እያለች፣ ዝናቡ እየበረታ ወጡት።

እናቷ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። «ከሩቅ ስሰማው ወፍጮ ቤት ተነስቶ የሚመጣ መስሎኝ!» አሉ። ልጃቸውን አቅፈው፣ አማቻቸውን ግንባሩን ሳሙት፤ ሁለቱም ውሃ ያንጠባጥባሉ።

«እማዬ፣ ፍረጂን» አለች ልጅ። «ውላችን "ዝናብ ሳይገባ" ነበር። ዝናቡ መንገድ ላይ ነው የያዘን።»

«እኔ የማውቀው» አሉ እናቷ ፎጣ እያቀበሉ፣ «ዝናብ ገብቷል፤ ልጄ ቤቴ ናት። የቀረውን እናንተ ተከራከሩበት።»

ማንም አልተከራከረም። ሞተር ሳይክሉን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስጠጉት፤ ሦስቱም ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሚስት ሹራቡን እናቷ ትከሻ ላይ እየለካች የመንገዱን ወሬ ጀመረች። ውጭ የተንጠባጠበ ውሃ የጋለውን ጭስ ማውጫ ነክቶ ጭስስ አለ። የጆሮ አንገት በልማዱ ወደ በሩ ዞር ሊል ጀመረ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ መለሰው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አላት። «ቀጥዪ።»