ለዳገቱ የመጣ ሞተር

"ትንሽ ወደ እኔ ይሳቡት። በቃ፣ እዚያው ይያዙት። አሁን ቀስ ብለው ይልቀቁ" አለ መካኒኩ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተንጋሎ።

ሹፌሩ ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ጨብጦ እየመጠነ ለቀቀ። ከጋራዡ ጣሪያ ብረት ላይ የተንጠለጠለው ሞተር እየተወዛወዘ ወረደ፣ የራዲያተሩን ጠርዝ ለጥቂት ስቶት አለፈና ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ለልክ ብቻ ስንቴ ገብቶ እንደወጣ ሁለቱም መቁጠሩን ትተውታል፤ ያሁኑ ግን የመጨረሻው ነበር። ከታች የመፍቻ ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ ሰንሰለቱን ሳይለቅ ጎንበስ አለ።

"ያዘ?" ሲል ጠየቀ።

"የራሷ ሞተር መሰለ እኮ፣ ጋሼ።"

መካኒኩ እየዳኸ ወጣ። አጭርና ድፍን ያለ ሰው ስለሆነ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ብሎን ነው የሚለው፤ እሱም ስሙን ወዶ ተቀብሎ የጋራዡ በር ላይ በቀለም አስጽፎታል። ላቡን በክንዱ ጠረገና ኮፈኗ የተነቀለላትን መኪና ከዳር ሆኖ አያት።

መኪናዋ ባለ ሁለት በር ናት፤ ዕድሜዋ ከብሎን ይበልጣል። ሹፌሩ ጡረታ እስኪወጣ የሰው ከባድ መኪና ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ የራሱ የምትባለው እሷ ብቻ ነበረች። ከጉዞ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፣ ሚስቱን ቀጥሎ ነው እየተባለ ይታማ ነበር። ሚስቱም መኪናዋን ጣውንቴ ትላታለች። ጠዋት ጠዋት "ጣውንቴ ደህና አደረች?" ብላ ትጠይቀዋለች፣ እሱም ኮስተር ብሎ "ደህና ናት፣ ይመስገን" ይላል።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ልጃቸው አግብታ የምትኖረው ከተማው ጫፍ ላይ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሰማይ የሚነካ በሚመስልበት ሠፈር ነው። አሮጌው ሞተር ሁለት ሰው ይዞ ያን ዳገት መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሚስትየው ትወርዳለች፤ መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተችና እየጨሰች ትወጣለች፤ ሹፌሩ አናቱ ላይ ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን እያበረደ ሚስቱን ይጠብቃል። አንዳንዴ እሷ ቀድማው ደርሳ ታውቃለች። ግራ ጉልበቷ አልታጠፍም ብሎ እምቢ እስካለበት ቀን ድረስ በዚህ ነገር አንድም ጊዜ አጉረምርማ አታውቅም።

አሁን ልጅቷ ወልዳለች። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሰኞ ሥራ ትገባለች። መሥሪያ ቤቷ ለቤቷ ቅርብ ስለሆነ በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ታጠባለች፤ የቀረውን ሰዓት ግን ሕፃኑን የምትይዘው አያቱ ናት። ሚስቱ ይህን የነገረችው እራት ላይ፣ ድምጿን ሳታነሳ ነው። በየቀኑ የሚያወጣኝና የሚያወርደኝ ከሌለ እዚያው እሆናለሁ፣ ልጁ ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ፣ አለችው። ልጃቸው ታክሲ በኮንትራት ልያዝላት ብላ ነበር፤ ሹፌሩ ያንን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። የሹፌር ሚስት፣ ባሏ በቁሙ፣ በየቀኑ በሰው ታክሲ። የተናገረው ስለ ክብሩ ብቻ ነው። ያልተናገረው ግን ይብስ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እሷን ባዶ ቤት ትቷት ሲሄድ የኖረ ሰው ነውና፣ አሁን ባዶው ቤት ለራሱ ሊደርሰው ነው። ፈራ። ሞተር ፍለጋ ያስነሳው ይኸው ፍርሃት ነበር።

ሞተሩ ከኋላ ተመትቶ ከተጣለ ሚኒባስ የወጣ ነው። ጉልበቱ የአሮጌውን እጥፍ ይሆናል። አንድ እንከን አለበት፤ የሚሠራው ከገዛ ካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር ነው፣ ካምቢዮው ደግሞ አውቶማቲክ ነው። ሹፌሩ ይህን የሰማ ዕለት ጥሎት ሊሄድ ምንም አልቀረውም።

"ማርሽ የማይቀይር ሰው ምኑን ሹፌር ሆነ? ተሳፋሪ ነው" ብሎ ነበር።

"ጋሼ፣ ለዚህ ሞተር ሌላ ካምቢዮ ፈልጌ ያልገባሁበት ጉድጓድ የለም" አለው ብሎን። "ወይ ይሄ ነው፣ ወይ ዳገቱን በእግር።"

ሹፌሩ ዋጠው። በግራ እግር የሚረገጠው የፍሪሲዮኑ መርገጫ ተፈቶ ሲጣል ግን ዘወር ብሎ ሌላ ነገር ሲያይ ነበር።

ካምቢዮው ግዙፍ ነው። ወደ ግራ እንዳይገፉት የመሪው ዘንግ አለ። ስለዚህ ወደ ቀኝ አስጠጉት፣ ከወለሉ የሚነካውን ቆርጠው አነሱ፣ ብሎንም ላሜራ ቀጥቅጦ ጉብ ያለ ክዳን አበጀለት፣ በየደው፣ ቀባው። እውነት ለመናገር ያማረ ሥራ ነበር። ሁለቱም ተራ በተራ በመዳፋቸው ዳበሱት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጋቢናው ወንበር ተነቅሎ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል፤ ብሎን ምሳውን የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽቦው ተገጣጠመ፣ ዘይቱና ውሃው ተሞላ፣ ኮፈኗ ተመለሰች። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተነሳ። ብሎን ወንበሩ በሌለበት ቦታ ትርፍ ጎማ አስገብቶ ላዩ ላይ ቁጢጥ አለና ወደ ዳገቱ ሄዱ። መኪናዋ እንደ ሜዳ ወጣችው። ሹፌሩ አናቱ ላይ ቆሞ ኮፈን ለመክፈት በልማድ በሩን ከፈተ፣ አንድ እግሩን አወጣ፣ ከዚያ የሚበርድ ነገር እንደሌለ ገባውና ሳቀ።

"ምነው፣ ጋሼ?"

"ምንም። ጭሱ ናፍቆኝ ነው።"

ጋራዥ እንደተመለሱ ለሚስቱ ደወለ። "ነይና እያት" አላት። "ዛሬ እስከ ልጅሽ በር ድረስ ነው የማደርስሽ።"

ጋራዡ ከቤታቸው ቅርብ ነው፣ መንገዱም ሜዳ። ምርኩዟን ይዛ እስክትደርስ ብሎን የጋቢናውን ወንበር አራግፎ ቦታው ላይ አሰረው። ሹፌሩ በሩን በገዛ እጁ ከፈተላት። እንዲህ ሲያደርግ ታይቶ አያውቅምና እሷም በሩንና እሱን አፈራርቃ አየች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ ግራ እግሯን በሁለት እጇ አንስታ አስገባች። ቀኙ እንዲከተል ግራውን ወደ ውስጥ ስትገፋው ከላሜራው ጋር ተጋጨ።

"እግሬ የት ይግባ?" አለች።

"ወደፊት ነዋ። ዘርጊው።"

"ወደፊት ብረት ነው።"

"እንግዲያው ትንሽ አጠፍ አድርጊው።"

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። "የሚታጠፍ ቢሆን ኖሮ ሞተር ትለውጥ ነበር?"

ብሎን ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋው ሞከረ፤ ቀድሞውንም መጨረሻው ላይ ነበር። ኋላ ትቀመጥ እንዳይባል የኋላው በር የለውም፤ የፊቱን ወንበር አጥፎ በወገብ ተጠማዝዞ፣ በጉልበት ተንፏቆ መግባት ነው፣ ያንን ደግሞ ጤነኛም ይማረርበታል። ሚስቱ እግሯን በእጇ አውጥታ ወረደች። ሹፌሩ በእሷ ቦታ ገብቶ ተቀመጠ።

መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ባለመኪና ጋቢና ምን ሊሠራ? ከዚህ በኩል ሲያየው ሁሉ ነገር እንግዳ ሆነበት። ከበሩ በላይ ያለው መያዣ ቆዳው በእሷ እጅ ተልጦ አልቋል፤ ይህንንም ዛሬ ገና አየ። መሪው፣ ፔዳሉ፣ የራሱ ጉልበትና ክንድ ሳይቀር ተለክቷል፤ ሞተሩ በመጣበት ምክንያት፣ በእሷ እግር ላይ ግን ሜትር የዘረጋ አልነበረም። አፈረ።

"ላሜራውን ዝቅ ብናደርገው?" አለ ሳይወጣ።

"ከሥሩ ካምቢዮው ነው፣ ጋሼ። ጣት አያስገባም።"

"ወደ ግራስ?"

"መሪው የት ይሂድ?"

ሚስቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

"ይሁን፣ ደክማችኋል" አለች። "ነገ ልብሴን አሰናዳለሁ። አንዴ በታክሲ ከወጣሁ መመላለስ የለብኝም።"

"ቆይ እስቲ" አለ ሹፌሩ። ወጥቶ የጋቢናውን በር ዘጋና ትርፍ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ብሎን እጄን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ የባልና ሚስት ነገር ሲነሳ እጁ ቶሎ የሚቆሽሽ ሰው ነው።

ሚስቱ መቆም ከበዳት። ክፍት ሆኖ የቀረው የሹፌሩ በር ነበርና መኪናዋን ዞራ ሄዳ መሪው ጋ አረፍ አለች። ግራ እግሯን ስትዘረጋ ምንም አልያዛትም። ፍሪሲዮኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ወለል ሆኗል፤ እግሯ ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሳታስበው "እፎይ" አለች።

ሹፌሩ አያት።

ሚስቱ መንጃ ፈቃድ አላት። እሱ ጭነት ይዞ አገር ላገር ሲዞር እሷ የመዋዕለ ሕፃናት ሚኒባስ ትነዳ ነበር፤ ሐኪሟ እንደሚለው ጉልበቷን የጨረሰውም የዚያ ሚኒባስ ፍሪሲዮን ነው። ሕፃን ጭኖ በኤሊ ፍጥነት መሄድ መንዳት ይባላል ወይ እያለ እንግዳ ፊት ያሾፍባት ነበር፣ እሷም ከሰዉ ጋር አብራ ትስቃለች። አንድ ጊዜ፣ በደህናው ዘመን፣ እስቲ ጣውንቴን ልሞክራት ብላው ታውቃለች። ምን ብሎ እንደመለሰላት አያስታውስም፤ ሰዉ እንደሳቀ ግን ትዝ ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ጠይቃው አታውቅም። ዛሬም እንደማትጠይቀው እንደ ስሙ ያውቃል። እሱ ዝም ካለ ሰኞ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ መሪውም ለብቻው ይቀርለታል።

"ፍሪሲዮኑ የት ሄደ?" አለች ወደ ታች እያየች።

"አውጥተነዋል። አያስፈልገውም።"

"በአንድ እግር ነው እንዴ የሚነዳው?"

"በቀኝ ብቻ።"

ሌላ አልጠየቀችም። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ መሪውን አልነካችውም። ቀኝ እግሯ ግን ቀስ ብሎ ፍሬኑን ፈለገና ሳይደርስበት ቀረ፤ ወንበሩ ለረጅም ሰው ወደ ኋላ ርቆ የተተከለ ነው። እግሯን ቶሎ ሰበሰበችው።

ከሹፌሩና ከብሎን እጅ በቀር ያንን መሪ የነካ የለም፤ አሁንም ቢሆን ሆዱ እሺ አላለውም። ቢሆንም ተነሳ። ከመደርደሪያው ላይ የዘይት ማንጠባጠቢያና መዶሻ አወረደ፣ በተከፈተው በር በኩል ሚስቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ተነክቶ ስለማያውቅ በእሱ እግር ልክ ዝጎ ቀርቷል። በሁለቱም በኩል ዘይት አንጠባጠበ፣ እስኪሰርግ ጠበቀ፣ ከዚያ በመዶሻው መታው።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ወንበሩን ወደፊት እያመጣሁት። ፔዳሉ ላይ ስትደርሺ ንገሪኝ።"

ሹፌሩ ቀና ብሎ አላያትም። ሐዲዱ ሲጥጥ አለና ጣት የምታህል ተንቀሳቀሰ።

"አንተስ የት ልትቀመጥ ነው?" አለች በመጨረሻ።

በአገጩ ወደ ጋቢናው አመለከታት።

"እግርህ አይገባም እኮ።"

"የእኔ ይታጠፋል" አለና ሐዲዱን ደግሞ መታው።