የዳኛው ግራ ትከሻ

አክስቴ የሰፋችው ኮት ማንም ቢለብሰው ትከሻው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለምንድን ነው? ባሕር ማዶ አራት ዓመት ልብስ ስፌት ተምሬ፣ ተመልሼም ስምንት ወር ከጎኗ ተቀምጬ መልሱን አላገኘሁትም። ስጠይቃት፣ "ምሁሩ፣ አንተ ንገረኝ እንጂ እኔ ምን አውቄ!" ትለኝና ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።

ያን ዕለት ጠዋት አክስቴ ቁልፍ ልትገዛ ወጣች። የዳኛው ኮት ተተኩሶ ተሰቅሏል። ዳኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእሷ ሌላ ልብስ ሰፊ አያውቁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጡረታ ስንብት አላቸው፤ ኮቱን ስድስት ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዳሉ።

አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። "አይቼ እመልሰዋለሁ" አልኩና የትከሻውን ገበር በመርፌ ፈታሁት።

ትከሻውን የሚያቆመው ትራስ ተደራርቦ በእጅ የተሰፋ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። በቀኙ አራት ቁራጭ ቆጠርኩ። ግራውን ፈታሁ፤ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ሰባት። ልቤ ዘለለ፤ እውነቱን ለመናገር በደስታ ነው። ለካ እሷም ትሳሳታለች! ሦስቱን አውጥቼ ሁለቱን ትከሻዎች እኩል አደረግኋቸው። ገበሩንም መልሼ ሰፋሁት። የመጨረሻውን ክር ስቆርጥ የእግሯ ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማ። ቁራጮቹን ኪሴ ከተትኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዳኛው እየሳቁ ገቡ።

"እትዬ፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ ነው የምታስወጪኝ!"

"ሙሽራው ቢያረጁም ኮቱ ልጅ ነው፤ አይዞዎት" አለች አክስቴ።

ለብሰው መስታወቱ ፊት ቆሙ። ኮቱ በግራ በኩል ወደ ታች ወረደ። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። እጃቸውን ቀስ አድርገው ልከው የትከሻቸውን አጥንት ዳሰሱ።

"ልጅ ሆኜ ከዛፍ ወድቄ ነበር" አሉ፤ "ቀና ብሏል ብዬ ነበር እኮ።"

አክስቴ የምታየው እኔን ነው።

"ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፤ አስተካክለዋለሁ።"

"ሠላሳ ዓመት ስታስተካክይኝ ኖረሻል ማለት ነው" አሉ። ኮቱን አውልቀው ወንበሩ ላይ አኖሩና በሸሚዝ ወጡ። ብትጠራቸውም አልዞሩም።

ቁራጮቹን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

"መፍታትህ አይደለም ያቃጠለኝ" አለች። "እኔም የተማርኩት አሠሪዬ የሰፋውን ኮት ተደብቄ እየፈታሁ ነው። ግን ሰባት ቆጥረህ 'ለምን ሰባት?' ማለት አቃተህ? ሰውየው በዚህ በር ሲገቡና ሲወጡ ስምንት ወር አይተሃቸዋል። ጨርቁን መርምረህ ሰውየውን ረሳህ።"

"አስተምሪኛ፤ ስጠይቅሽ ትቀልጃለሽ።"

"አዎ፣ ቀለድኩ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው።" መርፌውን ወረወረችልኝ። "አሁን መልሰው። ዘጠኝ ሳይሞላ።"

ሦስቱንም ቁራጮች ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ጨረስኩ። የዳኛውን ቁጥር ከደብተሯ ፈልጌ መልእክት ጻፍኩላቸው፦

"ጌታዬ፣ ኮቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አክስቴ አላወቀችም። ተስተካክሏል። ይዤልዎት ልምጣ፤ የት ነዎት?"

መድረሱን ስልኩ አሳየኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አሥርም ሆነ። መልስ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።