ከምድር ቤቱ የወጣው ወሬ

ቆቅ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንገቷን ደፍታ ስታጠና የሆነ በር ሲንቋቋ ሌላው ከንባቡ ንቅንቅ አይልም፤ እሷ ግን ቀና ብላ ግራና ቀኙን ትቃኛለች። «ይቺማ ቆቅ ናት እኮ!» አለ አንዱ ቀልደኛ፤ በዚያው ቀረ። እሷም አልከፋትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማች ላደገች ልጅ ንቁ መባል እንደ ምርቃት ነው።

የሲቪል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ዩኒቨርሲቲው የአቻ አማካሪዎች ይፈልግ ነበርና ተመዘገበች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ አንጋፋ ተማሪ ጥቂት የሁለተኛ ዓመት ልጆች ይሰጡታል፤ በየሳምንቱ ሰብስቦ ለፈተና እንዴት እንደሚጠና፣ የትኛው ኮርስ ቀድሞ ቢወሰድ እንደሚሻል ይነግራቸዋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣቸዋል። ከባዱ ማዳመጡ ነው። አስተባባሪዋ፣ ፀጉሯ ሸበት ያለ ረጋ ያለች ሴት፣ በሥልጠናው ቀን እንዲህ ብላቸው ነበር፦

«አንደኛ ዓመት ሁሉም ይፈራል፤ የፈራ ደግሞ ይጠይቃል። ሦስተኛ ዓመት ተለምዷል። የሁለተኛ ዓመቱ ልጅ ግን አላውቅም ማለት ያሳፍረዋል፣ እንዲያውቅ ግን ገና ነው። ድምፅ ሳያሰማ የሚወድቀው እሱ ነው። እናንተ ጆሮ ሁኑለት። የሰማችሁትን ሆድ ይፍጀው።»

ለቆቅ የተሰጣት ክፍል የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ድሮ የእቃ ማከማቻ ስለነበረ ጥጉ ላይ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች እንደተደራረቡ ናቸው። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ በውጭ የሚያልፍ ሰው ጫማው ብቻ ይታያል። አዘውትረው የሚመጡት ልጆች አራት ነበሩ። ሳቂታዋ በሚያልፈው ጫማ ሁሉ ታሪክ እየፈጠረች ታስቃቸዋለች። ዳኛው የክፍል ተጠሪ ነው፤ ሁለት ሰው ከተከራከረ ፍርድ ሳይሰጥ አያድርም። ትንሿ ከቦርሳዋ ጀርባ ሆና ነው የምትናገረው። አራተኛው ሎጋው ነው፤ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ አይናገርም፣ ስብሰባው እንዳለቀ የመጀመሪያው ወጪ እሱ ነው።

አንድ ቀን ስለ ሚድ ፈተና ሲያወሩ ትንሿ ድንገት፣ «እኔ መካኒክስ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሽንት ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው» አለች። ሳቂታዋ እንኳ ሳቋ ደረቀ። «ምህንድስናን የመረጠው አባቴ ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነበር መሆን የምፈልገው። አሁን ሁሉንም ጥዬ ልሄድ አስቤያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።»

ቆቅ አልመከረቻትም። ጠየቀቻት፤ አዳመጠቻት። ትንሿ ስትወጣ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላው ነበር፤ ቆቅም ሥራው የገባት የዚያን ቀን መሰላት።

ደስታዋን ይዛ ቤት ገባች። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። አክስቷ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ልጅ ስላልወለደች ቆቅ ልጇም ጓደኛዋም ናት። ማታ ማታ የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ የውሏቸውን ያወጋሉ። የዚያን ቀንም ቆቅ ስለ ልጅቷ አወራቻት። ስም አልጠራችም፤ ያችኛዋ የመካኒክሷ፣ ያች ደቃቃዋ አለች እንጂ።

«ወይኔ ልጄን!» አለች አክስቷ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች። «አይዞሽ የሚላት አጥታ እኮ ነው።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ትንሿ ከሁሉም በኋላ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ማነው የተናገረው?» አለች።

«ምኑን?»

«የመካኒክስ መምህሩ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ‹ከመካከላችሁ እኔን ፈርታ ሽንት ቤት የምታለቅስ አለች አሉ፤ አይዞሽ፣ አልናከስም!› አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አንዷ ዓይኔን አየችና በጣቷ አሳየችኝ።» ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጠበቅ አደረገች። «ይህን የተናገርኩት እዚህ ብቻ ነው።»

በመስኮቱ በኩል አንድ ጥንድ ጫማ አለፈ፤ ስለ ጫማው የቀለደ አልነበረም። ዳኛው ሳቂታዋን አየ፣ ሳቂታዋ ዳኛውን አየች፣ ከዚያ ሁሉም ጠረጴዛውን አዩ። ቆቅ ደግሞ ሁሉንም አየች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ያ ክፍል ክፍል አልሆነም። ሳቂታዋ አልፎ አልፎ ብትስቅ ሌሎቹ «ምን አስቆሽ ነው?» በሚል ዓይን ያዩዋታል። ስለ ጤናም ስለ ቤተሰብም የሚያነሳ ጠፋ፤ የቀረው የፈተና ቀንና የአየር ፀባይ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያሉ ይመስል ነበር።

ቆቅ እንቅልፍ አጣች። ጆሮ ሁኚ ተብላ ነበር፤ አሁን ዓይን ሆነች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ሳቂታዋን ነው፤ አፏ ክዳን የለውም። ተከታተለቻት። ሳቂታዋ ብዙ ታወራለች፣ የምታወራው ግን ስለ ራሷ ብቻ ነው። ቀጥላ ዳኛውን ጠረጠረች፤ የክፍል ተጠሪ እንደመሆኑ በየመምህሩ ቢሮ ይገባል ይወጣል። ግን ዳኛው ወሬ ቢያቀብል ኖሮ «እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም» ብሎ ለመከራከር የማይመለስ ልጅ ነው።

ሎጋው ቀረ። ሎጋው ለምን በሩ አጠገብ ይቀመጣል? ሰው ሲናገር ለምን ስልኩን ያያል? ሲያልቅ እሳት እንደነካው ተስፈንጥሮ የሚወጣው ወዴት ነው? አንድ ጊዜ ከተጠራጠሩ የሰው አነጣጠሱም ያስጠረጥራልና፣ ሳል ሳለ እንኳ ምልክት መስሎ ይታያት ጀመር።

በዚህ ላይ እያለች አንድ ከሰዓት በትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ስታልፍ የመካኒክስ መምህሩ ቢሮ ተከፈተና ሎጋው ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ፊቱን መለሰና በደረጃው ወረደ። «ያዝኩህ» አለች በሆዷ።

መያዝ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወጥመድ አጠመደች። ከስብሰባው በኋላ ሎጋውን አስቀረችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም እንዳትናገር፤ ይህን ማማከር ልተወው ነው። አልቻልኩበትም» አለችው።

ሎጋው ትክ ብሎ አያት። «ብትተዪው ትንሿ ታዝናለች» አለና ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።

ማታ አክስቷ፣ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ክፉ ነገር አለ?» ስትላት፣ ቆቅ ወሬውን ለመዝጋት ያህል፣ «ምንም። ማማከሩን ልተወው ነው መሰለኝ፣ ደክሞኛል» አለች። ቀኑን ሙሉ ስታስበው የዋለችው ቃል ስለነበረ ሳታስበው አመለጣት። እንዳመለጣትም አላስተዋለችም። ለአክስቷ መንገር ለእሷ ለሰው መንገር አይደለም፤ ከራስ ጋር እንደ ማውራት ነው።

ሁለት ቀን አልቆየም። የመካኒክስ መምህሩ ደረጃው ላይ አገኛትና ፈገግ አለ። «ልትተዪው ነው አሉ? እንዳታደርጊው! ልጆቹን ማን ይይዝልናል?»

ቆቅ አመስግና አለፈች፤ ደሟ ግን ጆሮዋ ድረስ ይፈላ ነበር።

በስብሰባው ቀን ልጆቹ ገና ሳይቀመጡ በሩን ዘጋች። «ከዚህ ክፍል ወሬ የሚያወጣው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ» አለች። «አንድ ነገር ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ። ለአንድ ሰው! መምህሩ ጋ ደረሰ።» ወደ በሩ ዞረች። «ምን ትላለህ፣ ሎጋው?»

ሎጋው ቀይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ለእኔ ብቻ ነው የነገርሽው?»

«ለአንተ ብቻ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከቢሮው ስትወጣ አይቼሃለሁ እኮ! ምን ልታደርግ ገባህ?»

ሎጋው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ትንሿን አየና መልሶ ዘጋው። ተነሳ። ቁመቱ ያን ጠባብ ክፍል የሞላው መሰለ። «እስካሁን ይህ ቦታ ደህና ቦታ መስሎኝ ነበር» አለና ወጣ። ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ አልሰጠም።

ቆቅ ያሸነፈች መስሏት ነበር። ግን ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ትንሿ ተመልሳ መጣች።

«መምህሩ ቢሮ የገባው በእኔ ጉዳይ ነው» አለች። «ክፍል ውስጥ እንደዚያ ማለትህ ልክ አልነበረም ሊለው ነው የሄደው። ከማን እንደሰማም ጠይቆት ነበር፤ መምህሩ ግን አልነገረውም። እኔ ነኝ ለማንም አትናገር ያልኩት። ስብሰባ ሲያልቅ የሚሮጠው ደግሞ ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ነው፤ ስልኩን የሚያየው ሰዓት እንዳያልፍበት። ብትጠይቂው ኖሮ ይነግርሽ ነበር።»

ቆቅ ለማመን ፈለገች፤ ጥርጣሬዋ ግን አልለቅ አላት። እሱ ካልሆነ የእኔን ወሬ መምህሩ ከየት አመጣው? ክፍሉን ፈተሸች። የአየር መግቢያውን ቀዳዳ፣ ከወንበሮቹ ቁልል ጀርባ ያለውን ግድግዳ በጉልበቷ ተንበርክካ አየች። ወዲያኛው ወገን የውሃ ቧንቧ እንጂ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ላይ የሰነዘረችው ዓይን ተመልሶ ወደ ራሷ ለመምጣት ግን እምቢ ይላት ነበር።

ሳምንቱ ሲያልቅ አክስቷ ደውላ ማሽኑ ወረቀት እየዋጠ አስቸግሮኛልና ነይ አለቻት። ቆቅ ምሳ ሰዓት ላይ ሄደች። ከማሽኑ ኋላ ቁጢጥ ብላ የተቦጫጨቀ ወረቀት እየጎተተች ሳለ አንድ ሰው ገባ። በድምፁ አወቀችው፤ የመካኒክስ መምህሩ ነው። አክስቷ ከተማሪነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ያተመችለት እሷ ናት።

«አንተ ልጅ፣ ያች የምታለቅሰው ልጅ እንዴት ሆነችልህ?» አለችው። «አበርታት ብዬህ አልነበር?»

«ኧረ ተናገርኩ፣ እትዬ! እንዳይከብዳት ብዬ በቀልድ አድርጌ፣ ክፍል ውስጥ።»

«ተባረክ። የኔዋንም አናግረሃት መሰለኝ፤ ልትተወው ነው ብዬ ሰግቼ ነበር፣ እስካሁን አልተወችውም።»

ቆቅ ከማሽኑ ኋላ አልተነሳችም። በእጇ የያዘችው ወረቀት በቀለም ጠቁሮ ጣቷን ሁሉ አበላሽቶታል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሷ የተተረተ መሰላት። መምህሩ ከወጣ በኋላ ብቻ ቀና አለች።

«አክስቴ፣ ለምን ነገርሽው?»

«ለማን? ለሱ? ምን አጠፋሁ?» አክስቷ ደነገጠች። «ልጅቷ የሚያጽናናት ታግኝ ብዬ ነው። ሰው ተቸግሮ ዝም ይባላል እንዴ?»

«ክፍል ሙሉ ሳቀባት!»

«እኔ ሳቁባት አላልኩ!» ዓይኗ እንባ ሞላ። ቀስ ብላ፣ «አንቺስ ብትሆኚ፣ ምስጢር ነው ብለሽ መች ነገርሽኝ?» አለች።

እውነቷን ነው፤ ቆቅ ምስጢር ነው አላለችም። ምስጢሩን ከክፍሉ ያወጣችው ራሷ ናት፤ ያውም ደስ ብሏት፣ እያጣፈጠች።

በማግስቱ ወደ አስተባባሪዋ ቢሮ ሄደች። ከመግባቷ በፊት ሰበብ አዘጋጅታ ነበር፤ ስም አልጠራሁም፣ አክስቴ የቤት ሰው ናት፣ መምህሩ ነው ያጠፋው። ስትቀመጥ ግን ሁሉንም ትታ እውነቱን ተናገረች። አስተባባሪዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣ «ወሬው ማምለጡ አንድ ነገር ነው» አለች፤ «ልጁን በሰው ፊት ማቆምሽ ግን ሌላ ነው። ሂጂና ለእነሱው ንገሪያቸው። የሚወስኑት እነሱ ናቸው።»

ነገረቻቸው። ሎጋው አልመጣም፤ ሦስቱ ነበሩ። ሳቂታዋ አፏን በእጇ ያዘች። ዳኛው ብድግ አለ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው! አንቺ ስትበትኚው እኛ እርስ በርስ ስንጠራጠር ከረምን። እኔ ራሴ ሳቂታዋን ጠርጥሬ ሰላምታ ነፍጌያት ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሳቂታዋ፤ አልሳቀችም።

ትንሿ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። «አልጠላሁሽም» አለች። «ግን አሁን ፊትሽ ስናገር ቃሌን እየለካሁ ነው። ሌላ አማካሪ ይሰጠን።»

ተሰጣቸው። ቆቅ በዚያ ሰሚስተር ሌላ ቡድን አልተሰጣትም፤ አልጠየቀችምም። መምህሩ ነገሩን ሲሰማ ትንሿን ቢሮው ጠርቶ ይቅርታ ጠየቃት፤ በሳቁበት ልጆች ፊት ግን አላደረገውም። ትንሿ ለአባቷ ደፍራ ተናገረች፤ አባቷ ወር ሙሉ አኮረፋትና ዓመቱ ሲያልቅ ወደ እንስሳት ሕክምና እንድትዛወር ፈቀደ። ከአክስቷ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ልብሱን ዝም ብለው ያጣጥፉ ነበር፤ ኋላ ስለ ማሽኑና ስለ ጎረቤት ማውራት ጀመሩ።

ሎጋውን ያገኘችው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነው፤ ታናሽ እህቱን በእጁ ይዟት ቆሞ። ቆቅ በልጅቷ ፊት መናገር ከበዳት፤ ሆኖም እሱንም በሰው ፊት ነበርና የወነጀለችው፣ እዚያው ተናገረች። «በድዬሃለሁ። ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ።»

ሎጋው አውቶቡሱ ከሩቅ ሲመጣ እያየ፣ «ትንሿ ነግራኛለች» አለ። «አሁንም ቢሆን ክፍል ውስጥ ሰው ሲንሾካሾክ ስለ እኔ ይመስለኛል። ይሄንን እንዴት እንደምትመልሺልኝ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች።

አውቶቡሱ ደረሰ። ሎጋው እህቱን አስቀድሞ አሳፈራትና ራሱ ከመውጣቱ በፊት ዞር አለ። «በሚቀጥለው ሰሚስተር ሃይድሮሊክስ አለብን። ከባድ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«ከባድ ነው» አለችው። «የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አትለፋቸው፤ ሌላው ሁሉ እነሱ ላይ ነው የሚቆመው።»

ራሱን ነቀነቀና ገባ።