የኦዜላ ገመድ

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያ ጓሮዬ ውስጥ ለነፋስ መሸሸጊያ ከተቆፈረው ምድር ቤት በር ተነስቶ ወደ ባዶው ቦታ የሚሄደው ገመድ የልብስ ማስጫ አይደለም። ልንገራችሁ።

ያኔ በሚያዝያ አውሎ ነፋሱ የጎረቤቶቼን፣ የኦዜላንና የባሏን የቨርሊንን ቤት ወሰደው። የቀረው የሲሚንቶ ወለሉ ነው። እነሱ ወደኔ ምድር ቤት እየሮጡ ነበር። አቧራው በሩን ጋርዶባቸው ሲዞሩ ቨርሊን ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ኦዜላ በብብቱ ይዛ እየጎተተች አስገባችው። አላለቀሰችም። ከዚያም ወዲህ አላለቀሰችም።

ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በታጣፊ አልጋ ሰነበቱ። በኋላ መንግሥት ባለ ጎማ ተጎታች ቤት አምጥቶ እዚያው ወለላቸው አጠገብ አቆመላቸው። ነጭ፣ አዲስ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል። ኦዜላ አንዴ አየችውና ወደ አዳራሹ ተመለሰች። እኛ ኬንታኪ ውስጥ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ከተጎታች ቤት መውጣትን ነው። ነፋስ እንደ ካርቶን ነው የሚያነሳው።

ከቤቶች ጉዳይ አንዲት ሠራተኛ መጣች፤ ደግ ልጅ ናት።

«እማማ ኦዜላ፣ እስከ ዓርብ ካልገባችሁ ለሌላ ቤተሰብ መስጠታችን ነው። አዳራሹም ሊዘጋ ነው። አባባ ቨርሊን ከተማ ወዳለው መጦሪያ ይሄዳሉ።»

«እኔስ?»

«እርስዎን አይቀበሉም፤ ታማሚ ብቻ ነው።»

«እሺ» አለች ኦዜላ፣ ሰዓት የነገሯት ይመስል።

ሲጋቡ ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ። ተለያይተው አድረው አያውቁም።

ሐሙስ ገመድ ገዛሁ። ከተጎታች ቤቱ በር እስከ ምድር ቤቴ በር ወጥሬ አሰርኩት፤ ዓይን ቢጋረድ እጅ እንዲያገኘው። የእጅ ጋሪዬ ላይም ለቨርሊን ፍራሽ አንጥፌ በራቸው ላይ አቆምኩት።

«እንደ ዱባ ልትጭኑኝ ነው?» አለ ቨርሊን፣ አዳራሹ ሄጄ ስነግራቸው።

«ዱባስ ዝም ይላል» አለችው ኦዜላ። ፊቷ ግን አልተፈታም።

ዓርብ ገቡ። እሷ ጫማዋን እንዳደረገች ወንበር ላይ ተቀምጣ አነጋች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑ ጮኸ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሙከራ ይጮሃል፤ እዚህ ማንም ቀና ብሎ አያይም። በመስኮት ሳይ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ኦዜላ ጋሪውን እየገፋች ትመጣለች። ቨርሊን ተቀምጦ ገመዱን በእጁ ይዟል። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች።

ሙከራ ነው አላልኳትም። ወጥቼ በሩን ከፈትኩ፣ ቨርሊንን ተጋግዘን አወረድነው፣ ጩኸቱ እስኪያበቃ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥን።

«ቅዳሜ ነው አይደል?» አለች ኦዜላ።

«አዎ እህቴ።»

«ደረስን እኮ» አለች።

«ምሳ ግን አልበላንም» አለ ቨርሊን።

የበቆሎ ዳቦ ነበረኝ፤ እዚያው በላን። ከሰዓት በኋላ ኦዜላ ተጎታች ቤቱ ውስጥ ከባሏ ጎን ጋደም አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ጫማዋን ያወለቅኩላት እኔ ነኝ።

አሁን ሁለቱም የሉም። ተጎታች ቤቱንም ወስደውታል። ገመዱን ግን አላነሳሁትም፤ ያንን ጫፉን እንጨት ተክዬ አሰርኩት። እኔ ሳልኖርም ሣር ስታጭዱ፣ እባካችሁ ዝቅ ብላችሁ በሥሩ እለፉ፤ የማን እንደነበረም አስታውሱልኝ።